የጨው ውኃ ወይስ ጨው አልባ ውኃ? ጎጃም ውስጥ ቤት ለሚቀመጥ አኳሪየም (የዓሣ ገንዳ)

ወጪ
ጨው አልባ፦ መስታወት፣ ማጣሪያ፣ የአየር ፓምፕ። ለጀማሪ ይበቃል።
የጨው፦ ማሞቂያ፣ ጠንካራ መብራትና የጨው መለኪያ ይጨመርበታል። ለ100 ሊትር 3.5 ኪሎ ገደማ የአኳሪየም ጨው ያስፈልጋል። የወጥ ቤት ጨው አይተካውም፤ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ የለበትም።

ውኃ
ጨው አልባ፦ የቧንቧ ውኃ በባልዲ ሲያድር ክሎሪኑ ይለቃል።
የጨው፦ ውኃ ሲተን ጨው አብሮ አይሄድም። ስለዚህ የጎደለው በጨው አልባ ውኃ ይሞላል። ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ በጨው ውኃ እየሞላ ቀስ በቀስ ዓሣውን ይገድላል።

መብራት ሲጠፋ
ጨው አልባ፦ ዓሣው ጥቂት ከሆነ ለሰዓታት ይታገሳል።
የጨው፦ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ከመጀመሪያውም ያነሰ ነው፤ እንደ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ደግሞ ይብስበታል። በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ የግድ ነው። ደብረ ማርቆስ ከሆነ የሌሊቱም ብርድ አለ፤ ውኃው 25 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት።

አኒሞን
አበባ የምትመስለው ይህች እንስሳ የምትኖረው በጨው ውኃ ብቻ ነው፤ ያውም ገንዳው ቢያንስ ስድስት ወር ከሠራ በኋላ። ቦታ ስለምትቀያይር የፓምፑን የውኃ መሳቢያ አፍ በስፖንጅ ሸፍኑ፤ ከተሳበች ተቆራርጣ ገንዳውን በሙሉ ትመርዛለች። ለማንሳት ጓንት አድርጉ። እግሯን ከጠርዙ ጀምሮ በጣት ቀስ እያሉ ማላቀቅ እንጂ መጎተት አይገባም፤ እግሯ ከተቀደደ ብዙ ጊዜ አትድንም።

መብራት በየጊዜው የሚጠፋበት ቤት፣ ልጆች የሚንከባከቡት ገንዳ፦ ጨው አልባ። ጄኔሬተር ወይም ኢንቨርተር ላለውና ጨው ከአዲስ አበባ ማስመጣት ለማይከብደው፦ የጨው።