ሦስት የሃስኪ ማርቢያ አይተን አንድ ቡችላ ወሰድን፤ ለእናንተ የትኛው ይሻላል?

የሳይቤሪያን ሃስኪ ቡችላ ለማምጣት ካሰባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በመጀመሪያው ጉዞ የውሻ ሳጥን መኪና ላይ አትጫኑ። ሳጥኑ ካለ ባዶውን መመለስ ያቅታችኋል። ትንሽ ቡችላ መጥቶ ጫማችሁ ላይ ተጋድሞ እንቅልፍ ሲወስደው "አስቤበት እመለሳለሁ" ብሎ የሚወጣ ሰው አላየሁም፤ እኔም እንደማልችል ስለማውቅ ነው ሳጥኑን ቤት ትቼ ከባለቤቴ ጋር የወጣሁት። በሦስት ቀን ሦስት ማርቢያ አየን፣ በቀን አንድ።

በቀን አንድ ያደረግነው ለእረፍት ብለን አይደለም። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ጫማ ላይ ተጣብቆ ከግቢ ግቢ ይዞራል። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ከያዘ በቀናት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። የእጅ ማጽጃ አልኮል አይበግረውም። ስለዚህ ማታ ማታ የጫማችንን ሶል በሳሙና ፈትገን፣ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውሃ በጥብጠን አሥር ደቂቃ እንዘፈዝፈዋለን፤ ጠዋት ደግሞ ሌላ ልብስ እንለብሳለን። ሁለተኛው አርቢ በር ላይ አስቁሞን "ትናንት የት ነበራችሁ?" ሲለን ደስ አለኝ። ያልጠየቀንም አለ፤ እሱ ጋ እመጣለሁ።

የመጀመሪያው ማርቢያ ለውሻ ትርኢት የሚያረባ ነው። አርቢዋ ትልቅ ሴት ናቸው። ቡችሎቹን ከማሳየታቸው በፊት አንድ ሰዓት ያህል እኛኑ ጠየቁን። አጥራችሁ ምን ያህል ይረዝማል? ከሥሩስ ምን አለው? ሃስኪ መዝለል ካቃተው ቆፍሮ ይወጣል። ቤት ውስጥ ድመት ወይም ዶሮ አለ? በቀን ስንት ሰዓት ብቻውን ይውላል? ባለቤቴ ትንሽ ቅር አላት፣ እኔ ግን ቡችሎቹን የሚወድ ሰው እንዲህ ነው የሚጠይቀው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ እናትየዋን አመጡ። ጠጉሯን በሁለት እጃቸው ከፈል አድርገው "ጣትህን አስገባ" አሉኝ። የላይኛው ጠጉር ቀጥ ያለና ጠንከር ያለ ነው፤ የሥሩ ግን እንደ ባዘቶ ነው፣ ጣቴ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ፣ ቆዳዋ ጋ ስደርስ ይሞቃል። ይኼ የሥር ጠጉር ብዙውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ በእፍኝ በእፍኝ ይረግፋል። ማበጠሪያ ሰጡኝና አሥር ደቂቃ አበጠርኳት። እግሬ ሥር የተከመረው ጠጉር ሌላ ቡችላ ያክላል። ይኼን አይታችሁ "እሺ፣ እችለዋለሁ" ካላላችሁ ሃስኪ ይቅርባችሁ። ሙቀት ይቀንስለታል ብሎ መላጨትም መፍትሔ አይደለም፤ ያ ጠጉር ከፀሐይም ይከላከልለታል።

ወረቀቶቹ በክላሰር ተደርድረው ነበር። ሃስኪ ላይ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ዓይን ነው። በዘር የሚተላለፈው የዓይን ሞራ ገና በልጅነት ሊወጣ ይችላል፣ ኮርኒያ (የዓይን የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን) ላይ እንደ ደመና የሚጋርድ ችግርም አለ፣ የሬቲና (ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) መመናመንም አለ። ለዚህ ነው የእናትም የአባትም ዓይን በየዓመቱ በዓይን ስፔሻሊስት የእንስሳት ሐኪም መታየት ያለበት። "ሐኪም አይቶታል፣ ጤነኛ ነው" የሚል ወረቀት ይኼን አይተካም። እኚህ ሴት የሁለቱንም የዓይን ምርመራና የዳሌ ራጅ ውጤት ቀኑ ሳያልፍበት አሳዩን። ውሉ ላይ ደግሞ አንድ መስመር አለ፦ በማንኛውም ዕድሜው ልታሳድጉት ካልቻላችሁ ወደ እኔ ይመለሳል።

ሁለተኛው የበረዶ ጋሪ የሚጎትቱ ሃስኪዎች ማርቢያ ነው። ወደ አርባ የሚጠጉ ውሾች፣ እያንዳንዱ በየቤቱ ደጃፍ። ሰውዬው ሚስማር ላይ የተሰቀለ የመጎተቻ ማሰሪያ ገና ሲነካ ግቢው አበደ። ግማሾቹ የቤታቸው ጣሪያ ላይ ወጡ። ጩኸቱ ደግሞ እንደ ሌላ ውሻ አይደለም፣ አንዱ ይጀምርና ሁሉም እየተቀባበለ ያላዝናል። ባለቤቴ ጆሮዋን ያዘች፤ እኔ እንባዬ መጣ።

እነዚህን ስታዩ ዝርያው ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። የሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ ነዋሪ የሆኑት የቹክቺ ሕዝቦች ናቸው ያረቡት፣ ቀላል ጭነት በትንሽ ምግብ ረጅም መንገድ እንዲጎትትላቸው። እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ አላስካዋ ኖም ተወሰዱ። በ1925 ኖም ውስጥ ዲፍቴሪያ የሚባለው ገዳይ የጉሮሮ በሽታ ሲገባ መድኃኒቱን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በቅብብል ካደረሱት የጋሪ ውሻ ቡድኖች ረጅሙን መንገድ የሄደው የሊዮንሃርድ ሴፓላ ቡድን ነው፤ መሪ ውሻው ቶጎ ይባላል። የጋሪ ዘሮቹ ዛሬም ቀጠን ያሉና እግራቸው ረዘም ያለ ነው፣ ጠጉራቸው ከትርኢቶቹ ያንሳል። ቡችሎቹ አይፈሩም፤ አንዷ የጫማዬን ማሰሪያ ፈትታ ይዛው ሮጠች። ወደድኳት። ሰውዬው ግን "በሳምንት ምን ያህል ትሮጣለህ?" አለኝ። ሦስት ቀን፣ አምስት አምስት ኪሎ ሜትር። ራሱን ነቀነቀ። "እሷ ለእናንተ አትሆንም፣ ሥራ ካጣች ቤታችሁን ታፈርሰዋለች" አለ። ገበያ እየቀረበት እውነቱን ለነገረኝ ሰው እስከ ዛሬ አክብሮት አለኝ።

ሦስተኛው ማርቢያ ሳይሆን መኖሪያ ቤት ነው። አንዲት እናት፣ አምስት ቡችሎች፣ ወጥ ቤት ጥግ ላይ። እውነቱን ልናገር፣ አያያዛቸው ከሦስቱም እዚህ ይበልጣል። ጁስ መፍጫው ሲጮህ ቀና ብለው እንኳ አያዩም፣ ልጆች ያቅፏቸዋል፣ ምንጣፍ መጥረጊያው መጣ ሄደ ግድ የላቸውም። ቡችላ ከሦስት ሳምንቱ እስከ አሥራ አራት ሳምንቱ ገደማ ያየውንና የሰማውን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይሄዳል፣ ስለዚህ ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ከየት እንደመጣን የጠየቀን የለም። ጫማችንን እንደተጫማን ገባን። የእናትየዋ የክትባት ካርድ አለ፣ የዓይን ምርመራ የለም። አባትየው ሌላ ቦታ ነው ተባለ፣ "አርባ ኪሎ የሚመዝን ግዙፍ ነው" ብለውም ኮሩበት። ይኼ የሚያስኮራ አይደለም፣ ማስጠንቀቂያ ነው። የአሜሪካው የዝርያ መስፈርት ወንዱን ከ20 እስከ 27፣ ሴቷን ከ16 እስከ 23 ኪሎ ገደማ ነው የሚያደርገው። ቶጎ ራሱ ወደ 22 ኪሎ ነበር። ግዙፍ ሃስኪ የሚሉት ወይ ሌላ ዘር ገብቶበታል፣ ወይ ወፍሯል። በዚያ ላይ ቡችሎቹ ገና ስድስት ሳምንታቸው ሆኖ "ዛሬውኑ ውሰዱት" ተባልን። ቢያንስ እስከ ስምንት ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር መቆየት አለበት፤ ጥርሱን ቀስ አድርጎ መጠቀም የሚማረው እነሱን ነክሶ ሲጮሁበት ነው። አንዱ ጫማዬ ላይ የተኛው እዚህ ቤት ነው። ሳጥን ቢኖረን ኖሮ ይዘነው እንሄድ ነበር።

እንግዲህ ጎን ለጎን ላስቀምጠው። የመጀመሪያ ውሻችሁ ከሆነና ልጆች ካሉ፣ ወረቀቱ የተሟላ የትርኢት ዘር ውሰዱ፤ እሱም ቢሆን በየቀኑ መሮጥ አለበት፣ ከጋሪው ዘር ግን ትንሽ ይታገሣችኋል። በየቀኑ ከውሻ ጋር የምትሮጡ ወይም ብስክሌት የምታስጎትቱ ከሆናችሁ የጋሪ ዘሩን የሚያህል ጓደኛ የለም፣ ሳታመነቱ እሱን ውሰዱ። ቤት ውስጥ የተወለደውን ደግሞ አትናቁ። ያ ቤት የሁለቱን ወላጆች የዓይን ወረቀት ቢያሳየኝና ስምንት ሳምንት ቢጠብቅ ኖሮ እኔ ከሁሉም አስቀድመው ነበር። ሰው የማይጠይቀው ሌላ ምርጫም አለ፦ ሁለቱም ትልልቅ ማርቢያዎች ከትርኢት ወይም ከጋሪ ጡረታ የወጡ ውሾች ነበሯቸው። ጠባያቸው የታወቀ፣ የሰከኑ። ቡችላ የማሳደግ ጊዜ ከሌላችሁ ስለነሱ ጠይቁ።

እኛ ለመጀመሪያዋ ሴት ደወልን። አምስት ወር ጠበቅን። እኔ ሰማያዊ ዓይን ነበር የፈለግኩት፣ እሳቸው ግን ቡናማ ዓይን ያለውን ዝምተኛውን ወንድ መረጡልን። ቅር ብሎኝ ነበር፣ አሁን እግራቸው ሥር ብወድቅ ደስ ይለኛል። ስለ ቡችሎቹ ጠባይ ስምንት ሳምንት አብሯቸው የዋለ ሰው ነው የሚያውቀው፤ የዓይን ቀለም ስለ ጠባይ የሚነግረን ነገር የለም።

ሁለተኛው ጉዞ ላይ ሳጥኑን በቀበቶ ከኋላ ወንበር ጋር አሰርነው። ከመነሳታችን ሦስት ሰዓት በፊት ምግብ እንዳይሰጡት ነግረናቸው ነበር፣ እንዳያስመልሰው። እናቱ ላይ የታሸ ጨርቅም ሰጡን። በየሁለት ሰዓቱ ቆምን፤ የመንገድ ዳር ሣር ላይ ግን አላወረድነውም፣ ስንት ውሻ እንደረገጠው አይታወቅም፣ ክትባቱም ገና አላለቀም። መኪናው ውስጥ የዘረጋነው መምጠጫ ጨርቅ ላይ ነው የሸናው። የመጀመሪያውን ሰዓት አለቀሰ። ሦስተኛው ሰዓት ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ በዚያች ቀጭን ድምፁ ማላዘን ጀመረ። አሞት ይሆን ብዬ ዳር ይዤ ቆምኩ። ባለቤቴ በሳጥኑ በር ጣቷን አስገባች፣ ላሳት፣ ከዚያ አፍንጫውን የእናቱ ጨርቅ ውስጥ ቀብሮ ቤት እስክንደርስ ተኛ።