ኒኮን ሞናርክ ኤም5፦ ለቆቃ ወፎች 8 እጥፍ ይበቃል?

ይህን ባይኖክላር አንገቴ ላይ ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ስንት እጥፍ ያቀርባል?» ብሎ ነው። 8 እጥፍ። ብዙዎቹ ቅር ይላቸዋል። ገበያ ላይ እኮ ከዚህ በጣም ረክሶ «100 እጥፍ» የተጻፈበት ሞልቷል።

እኔ የምይዘው ወደ ቆቃ ስሄድ ነው። ሐይቁ በ1952 ዓ.ም. አዋሽ ሲገደብ የተፈጠረ ነው። የተሠራው ለመብራት ቢሆንም የወንጂ ሸንኮራም የሚጠጣው ከእሱ የሚለቀቀውን ውሃ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ብርዱን ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎች ይሰፍሩበታል፤ ጅራተ ሹሉም፣ ምንቃረ ሰፊውም። ችግሩ በጋ ሲገፋ ውሃው ይሸሻል፣ ጭቃው ይሰፋል፣ ወፎቹም አብረው ይርቃሉ።

ታዲያ ትልቁ ቁጥር አይሻልም? አይሻልም። ረፋድ ላይ ሙቀቱ ከውሃው በላይ መርገብገብ ይጀምራል። ያኔ 20 እጥፍ ብታቀርቡ የምታቀርቡት ርግብግቡን ነው። የእጃችሁ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። አንድ ወዳጄ ዙም ያለው ይዞ ይመጣል፤ እሱ ወፏ የት እንዳለች ሲፈልግ እኔ አይቼ ጨርሻለሁ።

ዕቃው ዋጋውን የሚያወጣው አሞሮች ላይ ነው። ዓሣ በሉ ንስር እንኳ ባይኖክላርም አያስፈልገው፤ ነጭ ራሱና ጩኸቱ ይበቃል። ከአውሮፓ የሚመጣው ኦስፕሬይ የሚባለው ዓሣ አዳኝ ግን ከሩቅ ተራ አሞራ ይመስላል። በሞናርኩ ስታዩት ነጭ ሆዱና ዓይኑ ላይ የሚያልፈው ጥቁር መስመር ቁልጭ ይላል። ዓሣውን ራሱን ወደ ፊት አዙሮ ይዞት ሲበር ሁሉ ይታያል! እንቦጩ ላይ ዝቅ ብሎ፣ ክንፉን ወደ ላይ ከፈት አድርጎ የሚቃኘውን የረግረግ ጭልፊትም ያለ እሱ አልለየውም ነበር።

ክብደቱ 630 ግራም ነው፤ አንገት አይቆርጥም። የዓይን መነጽር ስለማደርግ ሳላወልቅ ሙሉውን ማየቴ ትልቅ ነገር ነው። 42 ሚሊሜትር የሆነው የፊት ሌንሱ ገና ጎህ ሲቀድም ደህና ብርሃን ያስገባል።

የማልወድለት አንድ ነገር አለ። የእይታው ስፋት 6.4 ዲግሪ ብቻ ነው። መንጋው ባንድ ጊዜ ብድግ ሲል ግማሹ ያመልጣችኋል። በዚህ ዋጋ ሰፋ ያለ እይታ መጠበቅ መብት ይመስለኛል። ዋጋው ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ እኔም በዘመድ ነው ያስመጣሁት። እናንተም እንዲህ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ጉምሩክን ጠይቁ፣ ቦሌ ላይ ባይኖክላር ሊያስቆም ይችላል።

ቆቃ ስትደርሱ ደግሞ ወደ ግድቡ ግንብ አታነጣጥሩ። ጥበቃዎቹ ስለ ዳክዬ የምትሉትን አይሰሟችሁም።