ቻይና፣ ሁዋንግሻን ተራራ ሥር፣ በአሮጌ የነጋዴ ቤት ሦስት ሌሊት

ከሰዓቱ ልጀምር። ከተኛሁበት ክፍል ሥር ባለው ሳሎን ውስጥ አንድ ትልቅ አሮጌ ሰዓት አለ፣ በየሰዓቱ ይደውላል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በቻይናዎቹ አቆጣጠር ሦስት መሆኑ ነው፣ ሦስቴ ይደውላል። ወለሉም ግድግዳውም ጣውላ ስለሆነ ደግሞ ሰዓቱን ትራሴ ሥር ያስቀመጡት ነበር የሚመስለው።

ቦታው በቻይና አንሁዊ ክፍለ ሀገር ደቡብ፣ ዪሺየን በሚባለው ወረዳ ነው። ከሃንግጆ በፈጣን ባቡር ሰዓት ተኩል ገደማ ተጉዤ ሁዋንግሻን ሰሜን ጣቢያ ወረድኩ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በመኪና። መኪናው መንደሩ በር ላይ ያራግፋችኋል። የቀረው በድንጋይ ደረጃ ሽቅብ ነው፣ እና ባለ ጎማ ሻንጣ እዚያ ላይ መከራ ነው። ጀርባ ላይ የሚታዘል ቦርሳ ያዙ።

ቤቱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አፍ ያስከፍታል። በቺንግ፣ ማለትም በቻይና የመጨረሻው ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ የሁዊጆ (የዚህ አካባቢ የድሮ ስም ነው) ነጋዴ የሠራው ነው አሉኝ። የዚህ አገር ነጋዴዎች በጨውና በሻይ የከበሩ ናቸው፤ ወንዶቹ ለንግድ ወጥተው ለዓመታት አይመለሱም ነበር። ቤቱን ስታዩት ይህ ይገባችኋል። ከውጭ ረጅም ነጭ ግድግዳ ነው፣ መስኮቶቹ ትንንሽና ከፍ ያሉ፣ ሌባ እንዳይገባ። ከጣሪያው በላይ እንደ ደረጃ እየተቆራረጠ የሚወጣውን ግድግዳ የፈረስ ራስ ይሉታል። ለጌጥ ይመስላል እንጂ እሳት ከቤት ወደ ቤት እንዳይዘል የሚከለክል ነው።

ውስጥ ስትገቡ መሃሉ ላይ ጣሪያ የለም። ብርሃንም አየርም በዚያ ክፍት ነው የሚገባው፣ ዝናብም። ከአራቱም የጣሪያ ክንፍ ውኃው ወደ ውስጥ ይወርዳል እንጂ ወደ ውጭ አይፈስም፣ ምክንያቱም ለነሱ ውኃ ሀብት ነው፣ ሀብት ደግሞ ጎረቤት ግቢ አይፈስም። ሁለተኛው ቀን ላይ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ወረደ። ተራራ መውጣቴ ቀረና የሻይ ብርጭቆ ይዤ እዚያ ተቀመጥኩ። ሁዋንግሻን ማኦፌንግ የሚባለው አረንጓዴ ሻይ ነው፣ ቅጠሉ ብርጭቆው ውስጥ ቀስ እያለ ይዘረጋል። ለአንድ አዳር 680 ዩዋን ከፍያለሁ፤ የከፈልኩት ለዚያ ከሰዓት በኋላ ነው ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ፣ ክፍሉ ብቻውንማ ያንን አያወጣም።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ፍራሹ ድንጋይ። የጎረቤቴን ማንኮራፋት ብቻ ሳይሆን ሲገላበጥም እሰማ ነበር። በዚያ ላይ የሄድኩት በኅዳር መጨረሻ ነው፤ ይህ የቻይና ክፍል እንደ ሰሜኑ ከመንግሥት የሚመጣ የቤት ማሞቂያ የለውም። አልጋው ላይ የኤሌክትሪክ ምንጣፍ አለ፣ እሱ ጥሩ ነው፣ ችግሩ ከአልጋ ስትወርዱ ነው። ሳሎን ውስጥ ግን ከሥሩ ፍም ያለበት የእንጨት በርሜል አለ፣ ገብታችሁ ትቀመጡበታላችሁ፣ እግር እስኪላብ ያሞቃል። እኔ ከዚያ በርሜል መውጣት አቅቶኝ ነበር።

ማስታወቂያው ላይ «ሁዋንግሻንን ከመስኮት» የሚል አለ። ውሸት ነው። ከመስኮቴ የሚታየው ቀርከሃና የሰው ጣሪያ ነው። ተራራው ሌላ የአንድ ሰዓት መንገድ ይቀረዋል፣ በሦስተኛው ቀን በኬብል መኪና ወጣሁት። ከፍተኛው ጫፍ 1864 ሜትር ነው፤ ጉም ከሥራችሁ ሲጎርፍ ስታዩ ዩኔስኮ ለምን በ1990 እ.ኤ.አ. እንደመዘገበው ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ሆንግቹንና ሺዲ የሚባሉት የታወቁ መንደሮች በ2000 እ.ኤ.አ. ነው የተመዘገቡት። ሆንግቹንን በጠዋት እዩት፣ የቱሪስት አውቶቡስ ሳይደርስ።

ምግቡ ቤት ያፈራው ነው። የሸተተ አሳ የሚሉት አለ፣ ድሮ ነጋዴዎች ከያንግትዜ ወንዝ ጨው ነስንሰው ሲያጓጉዙት ሸተተ፣ ሲበስል ግን ጣፈጠ ይላሉ። እውነትም ሽታውን ካለፋችሁ ሥጋው እንደ ቅጠል ይላቀቃል። ነጭ ሻጋታ እንደ ጸጉር ያበቀለ ቶፉም አለ፣ ጠብሰው ከበርበሬ ጋር ነው የሚሰጡት። ሁለቴ አዘዝኩት።

ባለቤቷ መልካም ሴት ናቸው። ፓስፖርቴን ተቀብለው የፖሊስ ምዝገባውን ራሳቸው ጨረሱልኝ፣ በአሊፔይ፣ በስልክ መክፈያው፣ ስከፍልም ምንም አላስቸገሩኝም። በስልክ ተርጓሚ ነው የምናወራው። ስለ ሰዓቱ ሳማርር ሳቁና ወደ ረጅሙ ጠረጴዛ ወሰዱኝ። መሃል ሰዓቱ፣ በአንድ በኩል የአበባ ማስቀመጫ፣ በሌላው መስታወት። በቻይንኛ የሰዓቱ ድምፅ «ዕድሜ ልክ» ከሚለው ጋር ይመሳሰላል፣ ማስቀመጫው «ሰላም» ከሚለው፣ መስታወቱ «ጸጥታ» ከሚለው። ሲደመር ዕድሜ ልክ ሰላምና ጸጥታ። ጸጥታ! በየሰዓቱ የሚደወል ጸጥታ!

ግድግዳ ላይ የተደገፉ ሁለት ግማሽ ክብ ጠረጴዛዎችንም አሳዩኝ። ባልየው መንገድ ላይ ሲሆን ተለያይተው ይቆማሉ፣ ሲመለስ ይገጠማሉ። ታዲያ ሰው ሲመጣ ሰዓቱን ማስቆም ነውር ሳይሆን አይቀርም ብዬ ዝም አልኩ።

ክፍል ስትይዙ የጓሮውን ጠይቁ፣ ከሳሎኑ የራቀውን። ሁለት ብቻ ናቸው፣ ቶሎ ያልቃሉ።