ሥር የሰደደ ህመም ላለባችሁ፦ ይቺን ሴት አግኟት

ይህን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁን ግን ዝም ማለቱ ግፍ ሆኖ ታየኝ። ወገቡን፣ አንገቱን ወይ ትከሻውን ዓመታት ሙሉ የሚያመው፣ ምርመራው "ሰላም ነው" እየተባለ ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድር ሰው በመካከላችሁ እንዳለ አውቃለሁ። ለእሱ ነው የምጽፈው። ለእሷም ምስጋና ነው፤ ፊት ለፊት ስነግራት ቶሎ ወሬ ትቀይራለች።

ባለሙያዋ ሳይኮሎጂስት ናት። የምታየው በተለይ ህመማቸው አልለቅ ያላቸውን፣ ከባድ ነገር ያሳለፉ ሰዎችን ነው። ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ አደባባይ መውጣት አትወድም። ውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ።

የእኔ ነገር የጀመረው በመኪና አደጋ ነው። አጥንቴ አልተሰበረም። ቁስሉ ዳነ፣ ሰው ሁሉ "እንኳን ተረፍሽ" አለኝ፣ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ወገቤ ግን እየባሰበት ሄደ። መጀመሪያ ብዙ ስቀመጥ፣ ቀጥሎ ትንሽ ስቀመጥ፣ በመጨረሻ ገና ወንበር ሳይ ያመኝ ጀመር። ገና ሳየው! ይሄንን ለሰው ስናገር ያበድኩ እየመሰላቸው ተውኩት።

የዞርኩባቸውን ቦታዎች ብዘረዝር አያልቅም፣ ስምም አልጠራም። አንዱ ጋ የኤምአርአይ ፊልሙን ወደ መብራት ከፍ አድርጎ አየና "ያንቺ ወገብ እኮ የሰባ ዓመት ሴት ወገብ ነው" አለኝ። እየሳቀ። ዲስክሽ ተንሸራቷል፣ ከእንግዲህ እንዳትጎነበሺ፣ ዕቃ እንዳታነሺ ብሎ ሸኘኝ። እውነቴን ነው፣ ያ ንግግር ከአደጋው የበለጠ ጎዳኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጫማዬን የምታስርልኝ እህቴ ሆነች። የወደቀ ነገር ካየሁ ሰው እስኪያነሳው ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሌላ ቦታ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳን ሳይል "ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው፣ ዘና በይ" ተባልኩ። እንዴት ነው ዘና የሚባለው? ሌላው መርፌ በጥቅል ሸጠልኝ። ከሁሉ የከፋው ግን "አእምሮ ሰውነትን ይፈውሳል" እያለ የሚያስተምረው ሰውዬ ነው። ህመሜ ሳይለቀኝ ሲቀር "መዳን አልፈለግሽም ማለት ነው፣ ህመሙን ወደሽዋል" አለኝ። ገንዘቤንም ወስዶ፣ ጥፋቱንም ለእኔ ሰጥቶ! ደረጃውን እያለቀስኩ ወረድኩ።

ስለዚህ አንድ የማምናት ሰው ሳይኮሎጂስት ጋ ሂጂ ስትለኝ ተናደድኩ። "እሷም እንደነሱ አብደሻል ትለኛለች" ነው ያልኩት። የሄድኩት ስለተለመንኩ ብቻ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ልበል። ስገባ ወንበር አሳየችኝ፣ መቀመጥ እንደማልችል ነገርኳት። ሌላ ቦታ እንዲህ ስል "ትንሽ ሞክሪ" ወይ "እንግዲህ እንደፈለግሽ" ነበር የሚከተለው። እሷ "እሺ" ብላ ተነሳች። ማስታወሻዋን መሳቢያው ላይ አስቀመጠችና አጠገቤ ቆመች። ሰዓቱ እስኪያልቅ ሁለታችንም ቆመን ነው ያወራነው። እየቆየ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ሆነች፣ አንዴ በዚህ እግሯ አንዴ በዚያኛው ትደገፋለች፣ ወንበሩን ግን ዞር ብላም አላየችው። ምንም ንግግር አላደረገችበትም። እኔ ግን አንጀቴ ራሰ። ያን ያህል ጊዜ ስዞር ህመሜን እንዲህ ያከበረልኝ ሰው አልነበረም።

ደግሞ ዝም ብላ ወደ ሥነ ልቦናው አልዘለለችም። የያዝኩትን ወረቀት በሙሉ፣ የድሮውንም ጭምር፣ አነበበች። ሽንት መቆጣጠር አቅቶሽ ያውቃል? ጭንሽ መካከል ይደነዝዝሻል? እግርሽ ይከዳሻል? ትኩሳት አለሽ? ያለ ምክንያት ከስተሻል? እያለች አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ከነዚህ አንዱ እንኳን ቢኖር ከእኔ በፊት ሐኪም ነው የሚያይሽ አለችኝ። ያም ሆኖ አንዴ በሐኪም ድጋሚ እንድታይ ካላደረገች አልጀመረችም። መድኃኒትሽንም ያለ ሐኪምሽ እንዳታቆሚ አለችኝ። እነዚያ "በሐሳብ ብቻ ትድናላችሁ" የሚሉት ይህን ይጠይቃሉ? የእኔው አልጠየቀኝም።

ከዚያ ነው ያን ነገር ያለችኝ። "ህመምሽ እውነት ነው። ፈጠራ አይደለም። ግን ወገብሽ እየተሰበረ ነው ማለት አይደለም።" ሁለቱን በአንድ ላይ የነገረኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ወይ ተሰብረሻል ይሉኛል፣ ወይ ምንም የለብሽም። እሷ ጋ ህመሙም እውነት ሆነ፣ ወገቤም ደህና ሆነ።

ስለ ነርቭና ስለ አንጎል ሥዕል እየሣለች አስረድታኛለች። አልዋሽም፣ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ይሄ ነው፦ አንጎል አንዴ ክፉኛ ከደነገጠ አደጋው ካለፈም በኋላ በትንሹም በትልቁም ህመም ሊለቅ ይችላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? የእኔ አንጎል ወንበር አይቶ የሚበረይ ሆኖ ነበር።

ስለ ምስማሩ ሰውዬ የነገረችኝን ግን አልረሳውም። እ.ኤ.አ. በ1995 የብሪታንያው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ እውነተኛ ነገር ነው። የ29 ዓመት ግንበኛ ከላይ ሲዘል 15 ሴንቲ ሜትር ምስማር ላይ ያርፋል፣ ምስማሩ ጫማውን በስቶ ይወጣል። ሰውዬው በሥቃይ ሊሞት ደረሰ፣ ምስማሩ ትንሽ ሲነካ ይጮኻል፣ ኃይለኛ ማደንዘዣ ሰጡት። ጫማው ሲወልቅ ለካ ምስማሩ በጣቶቹ መሀል ነው ያለፈው። እግሩ ጭረት እንኳን አልነበረበትም። "ታዲያ ሰውዬው ዋሽቷል?" አለችኝ። አልዋሸም። ክፉኛ አሞታል። ተቃራኒውም አለ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢቸር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከባድ ቁስለኛ የሆኑ ወታደሮችን ማስታገሻ ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አብዛኞቹ አንፈልግም ብለውታል። ለእነሱ ቁስሉ ከጦር ሜዳ በሕይወት መውጫ ነበር።

ስለ "ሰባ ዓመት ወገቤ" ስነግራት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት አሳየችኝ። ወገባቸውን ምንም የማያማቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ምርመራ ያሰባሰበ ነው። ምንም ከማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው ዲስካቸው ያረጀ ሆኖ ታይቷል፣ በ80 ዓመት ደግሞ 96 በመቶው። ፊልም ላይ የሚታየው ነገር ብዙውን ጊዜ እንደ ሽበት የዕድሜ ነገር ነው አለችኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ሳቅም ንዴትም ልለው አልችልም። ስንት ሌሊት ነው በዚያ ፊልም ምክንያት ያልተኛሁት?

አሁን ደግሞ ስለ ሻርፔ ልንገራችሁ። አንድ ቀን ስለ እህቴ ልጅ እያወራኋት ነው። ልጅቷ አስተማሪዋን እንዴት እንደምታስመስል እያሳየኋት፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ እየሳቅኩ። ሻርፔ ከትከሻዬ ወለል ላይ ወደቀ። ወሬዬን ሳላቋርጥ ጎንበስ አልኩና አንስቼ መልሼ ለበስኩት። እሷ ወሬዬን አስጨረሰችኝ። ከጨረስኩ በኋላ በጣም ቀስ ብላ "አሁን ምን እንዳደረግሽ አየሽ?" አለችኝ። "ምን አደረግኩ?" አልኳት። "ጎነበስሽ።" ሻርፑን ነካሁት። እውነቷን ነው! አላመመኝም። በማግስቱ ሆን ብዬ ለመጎንበስ ስሞክር ግን ገና ሳስበው ወገቤን ያዘኝ። ወገቤ ያው ወገብ ነው። የተለወጠው ፍርሃቱ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው "ይኸው! ውሸትሽን ነው!" ይለኝ ነበር። እሷ እስክስቅና እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ሙያ ለእኔ ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ የሠራነው ሥራ ሲወራ ቀላል ይመስላል። ህመሙ ሲመጣ ሳልሸሸው፣ ሳልታገለው፣ የት እንዳለ፣ ይሞቃል ይወጋል፣ ይንቀሳቀሳል አይንቀሳቀስም እያልኩ በእርጋታ ማየት። ትንፋሽን ረዘም አድርጎ ማስወጣት። የፈራሁትን እንቅስቃሴ በጥቂት በጥቂቱ መልሶ መልመድ። ዕለት ዕለት ያልተናገርኩትን ነገር በወረቀት ላይ አውጥቶ መጻፍ።

በመጻፉ ላይ ነው እናቴ የመጣችው። ከአደጋው ብዙም ሳይቆይ እናቴ አረፈች። የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፣ ታናናሾቼ ያዩኛል፣ ማልቀስ የለብኝም ብዬ ሁሉን ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሰው "ጠንካራ ናት" አለኝ። እኔም ወገቤን ይዤ ጠንካራ ሆንኩ። መቀመጥ ጨርሶ ያቃተኝ ያኔ መሆኑን ያስተዋልኩት ወረቀቱ ላይ ሳየው ነው። እሷ አልነገረችኝም፣ ራሴ ነኝ ያየሁት። ያን ቀን ያለቀስኩት ልቅሶ የዓመታት ነበር። እማዬ፣ ነፍስሽን ይማረው።

አደጋውን ስናነሳ ደግሞ "እጅሽን ካነሳሽ ወዲያው እናቆማለን" ብላኝ ነበር። አንዴ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ እጄን አነሳሁ። ቃሉን እንኳን አልጨረሰችውም። ስለ መስኮቱ መጋረጃ ማውራት ጀመረች፣ እግሬ ወለሉን መንካቱን እንዳስተውል አደረገችኝ፣ ልቤ እስኪረጋ ድረስ ወደዚያ አልመለሰችኝም። እሷን ማመን የጀመርኩት ያኔ ይመስለኛል። ቆይቶም የአደጋው ቅዠት አልለቅ ሲለኝ "ለዚህኛው ከእኔ የተሻለ ሰው አለ" ብላ በትራውማ ላይ፣ ማለትም ከባድ ነገር አእምሮ ላይ ጥሎት በሚያልፈው ቁስል ላይ ብቻ ወደሚሠራ ባልደረባዋ ላከችኝ። በዓይን እንቅስቃሴ ታግዞ የሚሰጠውን ሕክምና አገኘሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ለትራውማ ከመከራቸው ሕክምናዎች አንዱ እሱ ነው። ደንበኛዋን ለሌላ አሳልፋ የምትሰጥ ባለሙያ፣ አስቡት።

"ይሄ ነገር ለሁሉም ይሠራል ወይ?" ለምትሉ፣ እኔም ጠይቄያታለሁ። ተአምር አልሸጠችልኝም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የኮሎራዶ ጥናት አለ፤ በአማካይ 10 ዓመት ያህል ወገባቸውን የታመሙ 151 ሰዎች ነበሩበት። በዚህ ዓይነት መንገድ ለ4 ሳምንት ከታከሙት 66 በመቶው ህመማቸው ጠፍቷል ወይ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ መርፌ ከተወጉት 20 በመቶ፣ በነበሩበት ሕክምና ከቀጠሉት 10 በመቶ ናቸው እንዲህ የሆኑት። ይህን ነግራኝ ሳትጨርስ "የተቀሩትም አሉ፣ የእነሱም ህመም እውነት ነው" አለችኝ። አንድ ጥናት ነው፣ ህመማቸውም መካከለኛ የሚባል ነበር አለችኝ። እኔ ደግሞ ይህን በማለቷ ይበልጥ አመንኳት።

ዛሬ ጫማዬን ራሴ አስራለሁ። የእህቴን ልጅ አቅፋታለሁ፣ ያውም ከብዳለች። መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ረጅም መንገድ ሄጃለሁ። መጥፎ ቀን አሁንም አለኝ፤ በተለይ እንቅልፍ ሳጣና ከሰው ጋር ስጣላ ወገቤ ያስታውሰኛል። ድሮ እንደዚያ ሲሆን ወደ ምርመራ እሮጥ ነበር። አሁን "እሺ፣ መጣህ?" እለዋለሁ፤ አንዳንዴ ይሰማኛል፣ አንዳንዴ አይሰማኝም።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ያንን ቀን በካልሲሽ ቆመሽ ያዳመጥሽኝን ብቻ ቆጥሬ እንኳን ውለታሽን አልጨርሰውም።

እናንተ ደግሞ እባካችሁ ሂዱ። ዝም ብላችሁ አትሰቃዩ። እሷ ጋ ባይሆን እንኳን እንደ እሷ ያለ ፈልጉ፤ ህመማችሁን የሚያምን፣ ወረቀታችሁን የሚያነብ፣ ሐኪም ጋ መልሶ ለመላክ የማያፍር። የመጀመሪያ ቀን ላይ "መዳን አልፈለጋችሁም" የሚል ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን አንሱና ውጡ። ወረፋዋ ረዘም ይላል፣ እወቁት። ስትሄዱ የምርመራ ወረቀታችሁን በሙሉ ያዙ፣ የምትወስዱትን መድኃኒትም ጻፉላት፣ ትጠይቃችኋለች።

"ለማይግሬንስ?"፣ "ለአንገትስ?"፣ "ለእናቴ ጉልበትስ?" ብላችሁ እኔን ለምትጠይቁኝ፦ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ አላውቅም፣ እሷን ጠይቋት። ውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቁጥሯን እልክላችኋለሁ። ማታ ማታ ነው የምመልሰው።