በ«ፈርሎንግ» የተፈተነ የቃላት ምንጭ ገጽ፦ ኤቲምኦንላይን

የእንግሊዞቹ የርዝመት ልክ «ፈርሎንግ» ዛሬ ከፈረስ ውድድር ሜዳ ውጭ እምብዛም አይሰማም። ተራ መዝገበ ቃላት «የማይል አንድ ስምንተኛ» ብሎ ያልፈዋል። ዳግላስ ሃርፐር የጀመረው ነፃው የኤቲምኦንላይን ገጽ ግን ቃሉን ለሁለት ይከፍለዋል፦ «ፉርህ» ትልም፣ «ላንግ» ረጅም። በጋራው እርሻ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚወጣ የአንድ ትልም ርዝመት መሆኑ ነው። ሞፈርና ቀንበር ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻም። አስከትለው «ኤከር»ን ቢፈልጉ ደግሞ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ሆኖ ያገኙታል፤ የእኛው ጥማድ ማለት ነው።

የገጹ ብልጫ ቀጥሎ ያለው ነው። ከ9ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ፈርሎንግ የላቲኑን «ስታዲየም» መተርጎሚያ እንደሆነ ይናገራል። ስታዲየም 625 የሮማ ጫማ፣ የሮማ ማይል ስምንተኛ ነበር። የገበሬው ልክ ከማይል ጋር የተቆራኘው በዚህ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1593 የእንግሊዝ ሕግ ማይልን 8 ፈርሎንግ፣ ማለትም 5,280 ጫማ አደረገው፤ መሬት የሚለካው በፈርሎንግ ስለነበር የተለጠጠው ማይሉ ነው።

ተርጓሚዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው። ሉቃስ 24፥13 በንጉሥ ጄምስ ትርጉም «ስድሳ ፈርሎንግ»፣ በነባሩ አማርኛ «ስድሳ ምዕራፍ» ይላል። ግሪኩ ስታዲዮን ነው፤ አንዱ 185 ሜትር ገደማ። ስለዚህ ኤማሁስ ከኢየሩሳሌም 11 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በእንግሊዙ ፈርሎንግ ካባዙት 12 ይመጣል፣ አንድ ኪሎ ሜትር ከየትም ይጨመራል።

የገጹ ጉድለት ልኩን በጫማና «ሮድ» በተባለው በሌላ የእንግሊዝ ልክ መስጠቱ ነው፤ ሜትሩን ራስዎ ያስሉ። 1 ፈርሎንግ 40 ሮድ፣ 220 ያርድ፣ 201.168 ሜትር ነው። ለግምት አምስቱን አንድ ኪሎ ሜትር ቢሉ ይበቃል፤ 10 ፈርሎንግ የሆነው የአሜሪካው የፈረስ ውድድር ኬንታኪ ደርቢ 2 ኪሎ ሜትር እንደሚሆነው።

«ሎንግ»ን ለብቻው ሲፈልጉ ቅጽሉን ይክፈቱ፤ ግሱ «ናፈቀ» ነው፣ ሌላ ገጽ ይወስድዎታል። ኮከብ ምልክት ያለበትን ሥርወ ቃል ደግሞ በጽሑፍ እንደተገኘ ቃል አይጥቀሱት፤ ሊቃውንት ዘመድ ቋንቋዎችን አነጻጽረው የገመቱት ነው።