ለውሃ ምርመራ ባለሙያዋ ምስጋና፣ ለጅማ ክር አቅላሚዎች ጥቆማ

በጅማ ከተማ በመኖሪያ ግቢዬ ክር እያቀለምኩ ለሸማኔዎች የማቀርብ ሰው ነኝ። ከማቅለሚያው በርሜል የሚወጣው ሰማያዊ ውሃ በደጃችን ቦይ አልፎ ወደ አዌቱ ወንዝ ስለሚወርድ ጎረቤቶቼ በተደጋጋሚ ቅሬታ አቅርበውብኛል፤ ቅሬታቸውም ትክክል ነበር። ቀደም ሲል አንድ ሻጭ በአሸዋ የሚሠራ ማጣሪያ ሸጦልኝ የነበረ ቢሆንም፣ ቀለሙ በውሃው ውስጥ የሟሟ በመሆኑ አሸዋው ደለሉን ብቻ እያስቀረ ሰማያዊውን እንዳለ ያሳልፈው ነበር።

ችግሩን ያቃለሉልኝ በግላቸው የውሃ ምርመራ የሚሠሩ አንዲት የኬሚስትሪ ባለሙያ ናቸው። ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ከየበርሜሉ ናሙና ወሰዱ፤ የቀለም ዱቄቶቹንም ከነማሸጊያቸው እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ከዚያም ከባሕር አረም የሚገኘውን አልጂኔት 2 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጠው፣ ካልሲየም ክሎራይድ በሟሟበት ብርጭቆ ውስጥ በሲሪንጅ አንጠባጠቡት። እያንዳንዱ ጠብታ ፈሳሹን እንደነካ ረግቶ ምስር የሚያህል ልስልስ እንክብል ሆነ።

እንደዚህ ያለው ነገር ሃይድሮጄል ይባላል፤ በሕፃናት ዳይፐር ውስጥ እርጥበቱን የሚይዘውም የዚሁ ዘመድ ነው። ባለሙያዋ እንዳስረዱኝ፣ ረጃጅም የፖሊመር ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተያይዘው መረብ ስለሚሠሩ ውሃ ይገባባቸዋል እንጂ አያሟሟቸውም፤ በሰንሰለቶቹ ላይ ያለው ኔጌቲቭ ቻርጅ ደግሞ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለውን ቀለም፣ እንዲሁም እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉትን መርዛማ ብረቶች ስቦ ይይዛል። የአክሪሊክ ክር የነከርኩበትን ሰማያዊ ውሃ ጨምረውበት አደረ። በማግስቱ እንክብሎቹ ጠቁረው፣ ከብርጭቆው ጀርባ ያስቀመጥነው የጋዜጣ ጽሑፍ በውሃው ውስጥ ይነበብ ነበር።

ይበልጥ ያከበርኳቸው ግን በሁለተኛው በርሜል ነው። የጥጥ ክር የምነክርበት ቀይ ቀለም ራሱ ኔጌቲቭ ስለሆነ አልጂኔቱ ይገፋዋል፤ ቀለሙ ክሩን እንዲይዝ የምጨምረው ብዙ ጨውም ሰንሰለቶቹን ያያያዘውን ካልሲየም እያስወጣ እንክብሎቹን ያሳብጣቸዋል፣ ቀስ በቀስም ያፈርሳቸዋል። «ለዚህኛው አይሆንዎትም፤ ገንዘብዎን አያውጡ» አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሸጦልኝ በሄደ ነበር። ቀዩ ውሃ አሁንም በጀሪካን ተጠራቅሞ መላ ይጠብቃል፤ ከሽሪምፕ ቅርፊት በሚገኘው ካይቶሳን ሊሞክሩልኝ ቃል ገብተዋል።

እንክብሎቹን በቀጭን አሲድ አጥቦ ደግሞ መጠቀም ይቻላል። ሆኖም በእጣቢው ውስጥ ቀለሙ ይበልጥ የተከማቸ ስለሆነ ወደ ቦይ እንዳይደፋ አጥብቀው አስጠንቅቀውኛል፤ በማጠራቀሚያው ጀሪካን ላይም በገዛ እጃቸው «አይደፋ» ብለው ጽፈውልኛል። የጠራውን ውሃም ለመጠጥ እንዳላስበው ነግረውኛል።

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼ እንድታሠሯቸው ከልብ እጠቁማለሁ። ስልካቸውን በይፋ ለማውጣት ስላላስፈቀድኩ፣ በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ጠይቄ አገናኛለሁ። ስትሄዱ ከየበርሜሉ አንድ አንድ ሃይላንድ ናሙናና የቀለሙን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ ማሸጊያው ሥራ አይጀምሩም።