ባሕር ዛፍ ክቡን ይቁም፣ ጽድ ይሰንጠቅ፦ ለጓሮ ዕቃ ቤት እንጨት ሲመረጥ

በጓሮው 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች ዕቃ ቤት ለማቆም ያሰበ ሰው ሦስት መንገድ አለው። ክብ የባሕር ዛፍ አጣና ገዝቶ በምስማር ማያያዝ፣ የተሰነጠቀ የፈረንጅ ጽድ ገዝቶ መሥራት፣ ወይም የራሱን ዛፍ ጥሎ በእጅ መጋዝ ሰንጥቆ በመሮ እያጋጠመ ማቆም። ሦስቱንም በተለያየ ጊዜ ሞክሬአለሁ። አራተኛም መንገድ ነበር፤ የራሴን ባሕር ዛፍ አራት ማዕዘን አድርጌ ልሰነጥቅ ተነሣሁ። ንጽጽሩን ከዚህ ስሕተት ብጀምር ይሻላል፤ የቀረውን ሁሉ ያስረዳልና።

ግንዱን በእንጨት አልጋ ላይ ከፍ አድርገን ጥላሸት በተነከረ ገመድ መስመር መታንበት። እኔ ከላይ፣ ጎረቤቴ ከታች ሆነን መጋዙን መሳብ ጀመርን። ገና ከግንዱ እኩሌታ ሳንደርስ እንጨቱ «ቋ» ብሎ ጮኸና ሁለቱ ግማሾች እንደ ቀስት ወደ ውጭ ጎበጡ። ሲመለከቱን የነበሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ ሣቁና፣ «ልጄ፣ ባሕር ዛፍ ቂመኛ ነው፤ ቆሞ የቻለውን ሁሉ ተኝቶ ያወጣዋል» አሉኝ።

አባባላቸው ቀልድ ብቻ አልነበረም። ባሕር ዛፍ ሲያድግ የውጪው እንጨት ቁመቱን ይዞ ይወጠራል፣ የውስጡ ደግሞ ይጨመቃል። ግንዱ ክብ እስከሆነ ድረስ ሁለቱ ኃይሎች ይመዛዘናሉ፤ በመጋዝ ሲለያዩ ግን እያንዳንዱ በየአቅጣጫው ይሄዳል። በዚያ ላይ ሲደርቅ ብዙ ይኮማተራል። በእርጥቡ 10 ሴንቲ ሜትር የነበረ ገጽ ሲደርቅ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊያጣ ይችላል፤ ያውም ከሁሉም ጎን እኩል አይደለም። በልኩ የተቦረቦረ ማጋጠሚያ ይህን አይችለውም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ባሕር ዛፍ በአብዛኛው አጣና ሆኖ የሚያገለግለው ያለ ምክንያት አይደለም። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥራን ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ካፕሪያታው፣ ማለትም ጣሪያውን የሚሸከመው የእንጨት አካል፣ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ቆርቆሮው የሚመታበት ግን 5 በ7 ሴንቲ ሜትር የሆነ የተሰነጠቀ ሞራሌ (አራት ማዕዘን እንጨት) ነው። ባለሙያው ሳይጽፈው የያዘው ሕግ ይኸው ነው።

እንግዲህ አጣና ለማን ይሁን? ግድግዳውን በጭቃ ለሚመርግ ሰው ምርጫው አያከራክርም። ክብ ቋሚ፣ ቀጭን ማገር፣ ጭድ የተቦካበት ጭቃ ተስማምተው ይኖራሉ፤ የአጣናው ጠማማነትም በምርጉ ውስጥ ይጠፋል። ዋጋውም ከሦስቱ ዝቅተኛው ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ ወይም ጣውላ ከሆነ ግን ክብ እንጨት ልፋት ነው። ጠፍጣፋ ገጽ ስለሌለው ቆርቆሮው እዚህ ይነካል፣ እዚያ ይሸሻል፤ የበሩ መቃን በስንት ሽብልቅ ይቃናል።

አጣና ተራ ሄደው ሲገዙ ቅርፊቱ የተላጠውን ይምረጡ፤ ቅርፊት እርጥበትና ነቀዝ ይደብቃል። ጫፉን ይዩት፤ ከመሐል እስከ ዳር የተሰነጠቀ ከሆነ ስንጥቁ በምስማር ይብሳል። ሌላም ነገር አለ፤ በደንብ የደረቀ ባሕር ዛፍ ምስማር ያጎብጣል። አስቀድሞ በቀጭን መሰርሰሪያ መብሳት ግድ ነው፤ አለዚያ ግማሽ ኪሎ ምስማር ተጣሞ መሬት ላይ ይቀራል።

የተሰነጠቀ ጽድ መግዛት ፈጣኑ መንገድ ነው። በአንድ ቀን ተጭኖ ይመጣል፣ በሁለተኛው ቀን ሥራ ይጀመራል። የፈረንጅ ጽድ ቀላልና ለስላሳ ነው፤ መጋዝም መሮም ይታዘዝለታል፣ ሲደርቅም ከባሕር ዛፍ ያነሰ ይኮማተራል። ጉድለቱ ከእንጨቱ ይልቅ ከሻጩ ነው የሚመጣው። 5 በ7 ተብሎ የሚሸጠው ሲለካ አራት ተኩል በስድስት ተኩል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ሜትር ከቤት ይዞ መሄድ ያዋጣል። እኩል ቁመት ያላቸውን ሁለት ሞራሌዎች በየእጅዎ ያንሡ፤ በጣም የከበደው ገና እርጥብ ነው። ከዚያ አንዱን ጫፍ ወደ ዓይንዎ አስጠግተው በጠርዙ ላይ እንደ ጠመንጃ አነጣጥረው ይዩ። የግንዱን እምብርት የያዘ ሞራሌ ዛሬ ቀጥ ቢልም ሲደርቅ ይጠመዘዛል፤ እሱን ለሌላ ሰው ይተዉለት። ቅርንጫፉ በጊዜ ካልተገረዘ ዛፍ የወጣ ጽድ ደግሞ ዓይነ ብዙ ነው፤ ዓይኑ ጥቁር ክብ ያለውና የተላቀቀ ከሆነ እንጨቱ እዚያ ቦታ ላይ ይሰበራል። 4 በ5 የሆነውን ሞራሌ ለቋሚነት አልመክርም፤ ርካሽነቱ አያታልልዎ።

ሦስተኛው መንገድ ለሚጣደፍ አይሆንም። የራሱ የፈረንጅ ጽድ ላለውና አንድ በጋ መስጠት ለሚችል ሰው ግን የሚወዳደረው የለም። ስሌቱ እንዲህ ነው፤ ለ3 በ4 ቤት 10 በ10 የሆነ ስድስት ቋሚ፣ የላይና የታች ዙሪያ አግዳሚ፣ አንድ መሐል ለመሐል የሚያስር እንጨትና ስምንት አጫጭር ደጋፊ ያስፈልጋሉ። በድምሩ 50 ሜትር ገደማ ነው። በቀጭኑ ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ግንድ አራት እንጨት ይወጣዋል፤ ስለዚህ አራት ግንድ ለስሕተትም ይተርፋል። ለካፕሪያታው አጣናውን ይተዉት።

በእጅ መሰንጠቅ ክንድ ይፈትናል። እኛ ለማጆች ስለነበርን ከጠዋት እስከ ምሳ አንድ መስመር ተኩል ብቻ ነው ያወረድነው። የሞተር መጋዝ ያለው ሰው ማስመጣት ይቻላል፤ ግን ሰፊ ጥርሱ ብዙ እንጨት ወደ ብናኝ ይለውጣል፣ መስመሩንም ካልተቆጣጠሩት ይስታል። የተሰነጠቀውን በጥላ ሥር፣ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ቀጭን እንጨት እያስገቡ መደርደርና ጫፎቹን ቀለም መቀባት አይርሱ፤ የበጋ ፀሐይ ጫፉን ቀድሞ ካደረቀው መሰንጠቁ አይቀርም።

መሮና መዶሻ ሲያዝ ደስታው ይጀምራል። የአንዱ እንጨት ጫፍ ተጠርቦ ምላስ ይወጣለታል፣ በሌላው ላይ ልኩ ይቦረቦራል፣ ከዚያ የእንጨት ችንካር ሁለቱን ይቆልፋል። ችንካሩ የሚገባበትን የምላሱን ቀዳዳ ከሌላው እንጨት ቀዳዳ ጋር ልክ ለልክ አልበሳውም፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ምላሱ ሥር አስጠጋዋለሁ። ችንካሩ ሲመታ ቀዳዳዎቹ እንዲገጥሙ ስለሚያስገድድ ምላሱን ስቦ ጥብቅ አድርጎ ያስገባዋል። ችንካሩ ከደረቀ ወይራ ቢጠረብ ይመረጣል፤ እርጥብ ከሆነ ራሱ ኮስሶ ይላላል።

ጓሮው ውስጥ የሐበሻ ጽድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ ወይም ኮሶ ያለው ሰው መጥረቢያውን ከማንሣቱ በፊት ወረዳውን ይጠይቅ። አራቱም በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሕጎች ወጥተዋል። እንጨት በመንገድ ለማጓጓዝም ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል።

የትኛውንም ቢመርጡ ቋሚውን መሬት ውስጥ አይቅበሩት። ባሕር ዛፍም ሆነ የፈረንጅ ጽድ ለምስጥ ተሰጥተዋል። የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከላይ ከላይ እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። የእኔ ቤት ቋሚዎች ከመሬት 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ጥርብ ድንጋይ ላይ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ቆመዋል። ምስጥ ቢመጣ እንኳ የጭቃ መንገዱን በድንጋዩ ላይ ሲሠራ ይታያል፤ በመጥረጊያ ይፈርሳል።

የችንካሮቹን ትርፍ ጫፍ ግን ወዲያው አይቁረጡት። እንጨቱ አንድ ዓመት ደርቆ ሲኮማተር ማጋጠሚያው ትንሽ ይከፈታል፤ እኔ በሁለተኛው በጋ በመዶሻ አንድ አንድ ጊዜ መታሁና ያን ጊዜ በመጋዝ አስተካከልኳቸው።